የሌለ እጅ ሲያም፦ የአካል ስሜትን የሚለውጡ መሣሪያዎች አጭር ታሪክ

መግቢያ

እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ሕመምተኛ ቁስሉ ከዳነና ስፌቱ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መጥቶ «የተቆረጠው እግሬ ጣቶቹ ያቃጥሉኛል» ሲል በሕክምና ሥራ ላይ ያለን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ይህን አቤቱታ የሚሰማ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ጉቶውን መርምሮ የሚታይ ነገር ሲያጣ ማስታገሻ አዝዞ ይሸኘዋል፤ ወይም ሕመምተኛውን ኀዘን እንደ ጎዳው ገምቶ ያጽናናዋል። በሁለቱም መንገድ ሕመምተኛው የተናገረው ነገር፣ ማለትም በሌለው እግር ላይ ያለው ሕመም፣ ሳይመረመር ይታለፋል።

ነገሩ ግን ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት መጠይቁን ከመለሱት 2,694 አካላቸው የተቆረጠ ሰዎች መካከል 78 ከመቶው እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2020 የታተመና 39 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ደግሞ አኀዙን 64 ከመቶ ገደማ አድርጎታል። እንግዲህ አካሉ ከተቆረጠ ሰው ይልቅ የሚያስገርመን ሕመሙን ሰምቶ የማይጠይቅ ሐኪም ሊሆን ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ሰው አካሉን የሚያውቅበትን ስሜት ለመረዳት፣ ቀጥሎም ለመለወጥ የሠሯቸውን መሣሪያዎች ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ ነው። ታሪኩ በኤሌክትሪክ ኀይል ተጀምሮ በመስተዋት፣ በነዛሪ መሣሪያና በድምፅ በኩል አልፎ እስከ ኮምፒዩተር ይደርሳል። በየምዕራፉ ግን አንድ ነገር ይደጋገማል፤ እውነተኛ እርምጃ የተገኘው ባለሙያው የሕመምተኛውን ቃል እንደ ማስረጃ በተቀበለ ጊዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከፓሬ እስከ ሚቸል

በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የጦር ሜዳ ቀዶ ሐኪም የነበረው ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ፣ አካላቸው የተቆረጠ ወታደሮች ከብዙ ጊዜ በኋላም በሌለው አካል ላይ ሕመም እንደሚሰማቸው መናገራቸውን ጽፎ አስቀምጧል። ከእርሱ በኋላ በ1641 ፈላስፋው ሬኔ ዴካርት ይህንኑ ነገር አነሣው። ለእርሱ ግን የሕመምተኞቹ ቃል የሚያገለግለው ከአካል ውስጥ የሚመጣ ስሜትም ቢሆን ሊያታልል እንደሚችል ለማስረዳት ነበር። ሕመሙን ለማከም ያሰበ ሰው እስከሚገኝ ድረስ ገና ሁለት መቶ ዓመታት ያህል ቀርተው ነበር።

ጉዳዩ ወደ ሕክምና የገባው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው ጦርነት የእርሳስ ጥይት የሰበረውን አጥንት ማዳን ስለማይቻል፣ የዘመኑ ቀዶ ሐኪሞች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ እጆችንና እግሮችን ቆርጠዋል። በፊላዴልፊያ ከተማ በተርነርስ ሌን ሆስፒታል የነርቭ ጉዳት የደረሰባቸውን ወታደሮች ያክም የነበረው ሳይላስ ዊየር ሚቸል እነዚህን ሰዎች አስቀምጦ ጠየቃቸው፤ የተናገሩትንም መዘገበ።

ሚቸል ያገኘውን በመጀመሪያ ለሕዝብ ያቀረበው በሳይንስ መጽሔት አልነበረም። በ1866 «አትላንቲክ መንዝሊ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ አራቱንም እጅና እግሩን ስላጣ ጆርጅ ዴድሎ ስለሚባል ሐኪም የሚተርክ ልብ ወለድ ስሙን ሳይጠቅስ አሳተመ። አንባቢዎች ታሪኩን እውነት አድርገው ወስደው ለሕመምተኛው ገንዘብ እስከ ማዋጣት ደረሱ። ባልደረቦቹ እንዳያፌዙበት ሠግቶ በልብ ወለድ ጀመረ የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ በ1871 «ፋንተም ሊምብ» የሚለውን ስም ለሕመሙ ሰጥቶ በይፋ ጻፈ፤ በ1872 ባሳተመው የነርቭ ጉዳት መጽሐፉም ካነጋገራቸው 90 አካላቸው የተቆረጠ ሰዎች መካከል 86ቱ የሌለው አካል እንደሚሰማቸው አስታወቀ።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ለርእሰ ጉዳያችን መነሻ የሚሆን አንድ ሙከራ ይገኛል። ክንዱ ከትከሻው ላይ የተለየና ለሁለት ዓመት ያህል የሌለው እጅ ስሜት ፈጽሞ ጠፍቶለት የነበረ ሰው ነበር። ሚቸል ምን ሊሆን እንደሚችል ሳይነግረው በትከሻው አካባቢ ባለው የነርቭ ጉንጉን ላይ የኤሌክትሪክ ኀይል አሳለፈ። ሰውየው በድንገት እጁ መመለሱን እየጮኸ ተናገረ፤ ኀይሉ ሲቋረጥ ስሜቱ አብሮ ጠፋ። ሰው አካሉን የሚያውቅበት ስሜት በመሣሪያ ሊጠራና ሊሰናበት እንደሚችል በግልጽ ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

የአካል ንድፍ በአንጎል ውስጥ

ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ስሜት የሚሠራው የት ነው የሚል ነበር። በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የነበረው ጆርጅ ስትራተን ሙከራውን በራሱ ላይ አደረገ። በ1897 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ በሌላው ላይ ዓለምን ገልብጦ የሚያሳይ መነጽር ለስምንት ቀናት አደረገ። በመጀመሪያ እጁን በሚያይበትና እጁ በሚሰማው ቦታ መካከል ፍጹም አለመስማማት ነበር፤ እያደር ግን ሁለቱ ይቀራረቡ ጀመር። በ1899 ደግሞ አካሉን ከፊቱ ተጋድሞ የሚያሳየው የመስተዋት መሣሪያ ለብዙ ሰዓታት ተሸከመ። በሦስተኛው ቀን ሲራመድ ከራሱ አካል ውጭ ያለ መስሎ እስከ መሰማት ደረሰ።

በ1911 ሐኪሞቹ ሄንሪ ሄድና ጎርደን ሆምስ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን ሕመምተኞች መርምረው ለዚህ ሁሉ መግለጫ አቀረቡ። እንደ እነርሱ አባባል አንጎል ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከቆዳ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ እያጠራቀመ የአካልን ንድፍ ያዘጋጃል፤ ንድፉም በየእንቅስቃሴው ይታደሳል። ይህ ንድፍ በቆዳ ድንበር አይወሰንም። በዘመኑ ሴቶች ባርኔጣቸው ላይ ይሰኩት የነበረው ላባ እንኳ የዚህ ንድፍ ክፍል ይሆናል ብለዋል። ዐይነ ስውር በበትሩ ጫፍ መሬቱን እንደሚዳስስ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ይህ ሐሳብ ለሕክምና ያለው ትርጉም ከባድ ነው። አካላችንን የምናውቀው በቀጥታ ሳይሆን ዓይን፣ ቆዳ፣ ጡንቻና ጆሮ በሚያቀርቡት ምስክርነት ላይ አንጎል በሚሰጠው ፍርድ ከሆነ፣ ከምስክሮቹ አንዱን መለወጥ ፍርዱን ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው።

የጠፋን ስሜት በሌላ ስሜት መተካት

በ1969 ፖል ባክ-ይ-ሪታና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ የሠሩትን መሣሪያ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አስታወቁ። መሣሪያው ከጥርስ ሐኪም ወንበር የተሠራ ሲሆን በመደገፊያው ላይ 400 ነዛሪ ነጥቦች ነበሩት። ካሜራ የሚያየው ምስል በነዚህ ነጥቦች አማካይነት በተቀመጠው ዐይነ ስውር ጀርባ ላይ ይሣላል። ካሜራውን ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሰው ዐይነ ስውሩ የሚሰማው በጀርባው ላይ ያለ መኮርኮር ብቻ ነበር። ካሜራውን በራሱ እጅ ማንቀሳቀስ ሲማር ግን ነገሩ ከጀርባው ላይ ወጥቶ ከፊት ለፊቱ ያለ ሆኖ ይሰማው ጀመር። በአንድ ወቅት የካሜራው ምስል ሳይነገረው በድንገት ሲጎላ፣ ነዛሪዎቹ ከጀርባው ሆነው ሳሉ ሰውየው ከፊቱ የሚመጣበትን ነገር ለመከላከል እጆቹን አንሥቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ስሜት በመቀበል ብቻ እንደማይሠራና የሰውየው የራሱ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ ነው። በፊዚዮቴራፒ ሥራ ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን ይህን ዛሬም በየዕለቱ ያዩታል።

በ1972 ደግሞ ጉድዊን፣ መክሎስኪና ማቲውስ የጡንቻ ጅማትን በነዛሪ መሣሪያ ማንዘር ያልተንቀሳቀሰ ክንድ የተንቀሳቀሰ መስሎ እንዲሰማ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ1988 ጄምስ ላክነር ይህንኑ ወደ ፊት ወሰደው። ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን በጣቶቹ የያዘ ሰው የክንዱ ጡንቻ ሲነዝር እጁ ከፊቱ የራቀ መስሎ ይሰማዋል፤ ጣቶቹ ግን አፍንጫውን አልለቀቁም። አንጎል ሁለቱን ምስክሮች ለማስታረቅ ያለው አንድ መንገድ አፍንጫው ረዝሟል ብሎ መፍረድ ነው፤ ብዙዎችም በእርግጥ አፍንጫቸው የረዘመ መስሎ ተሰማቸው።

የመስተዋቱ ሣጥን

በ1990ዎቹ በሳን ዲዬጎ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ቪላያኑር ራማቻንድራን ከፋንተም ሊምብ ሕመምተኞች ጋር ሲነጋገር ብዙዎቹ አንድ ነገር ይነግሩት ነበር፤ የሌለው እጅ ተጨብጧል፣ ጥፍሩ መዳፉን ይወጋል፣ ሊከፈት ግን እምቢ ይላል። ራማቻንድራን እንዲህ ሲል አሰበ፦ አንጎል «ተከፈት» ብሎ ያዝዛል፤ እጁ መከፈቱን የሚያረጋግጥለት ምስክር ግን የለም፤ ስለዚህ የሌለው እጅ ሽባ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ አንድ ምስክር ቢሰጠውስ?

የሠራው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነበር። ክዳን በሌለው ሣጥን መካከል መስተዋት በቁም አስገብቶ ሕመምተኛው ደኅነኛ እጁን ከመስተዋቱ ፊት፣ ጉቶውን ከመስተዋቱ ኋላ እንዲያደርግ አደረገ። ሕመምተኛው መስተዋቱን ሲመለከት የደኅነኛው እጅ ምስል በሌለው እጅ ቦታ ላይ ያርፋል። ደኅነኛውን እጅ ሲከፍትና ሲዘጋ ዓይኑ ሁለት እጆች አብረው ሲከፈቱ ያያል። በ1996 በታተመው ዘገባ ከ10 ሕመምተኞች መካከል 6ቱ የሌለው እጅ ሲንቀሳቀስ ተሰምቷቸዋል። ከነዚህ አንዱ ላለፉት 10 ዓመታት በዚያ እጅ ምንም እንቅስቃሴ ተሰምቶት የማያውቅ ነበር። የሚጨብጥ ሕመም ከነበረባቸው 5 ሰዎች ደግሞ 4ቱ በመስተዋቱ አማካይነት እጃቸው ሲከፈት ሕመሙ ቀለለላቸው።

ሚቸል የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ባክ-ይ-ሪታም ካሜራና 400 ነዛሪዎች አስፈልገዋቸው ነበር። ለዚህ ግን በማንኛውም ገበያ የሚገኝ መስተዋት በቃ። መሣሪያውን ለመሥራት የሚያበቃው ዕውቀት የተገኘው «እጄ ተጨብጦ አልከፈት አለኝ» የሚለውን ቃል እንደ ቅዠት ሳይሆን እንደ ምርመራ ውጤት በመቀበል ነበር።

የላስቲክ እጅና የኮቴ ድምፅ

በ1998 ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን ይህ ሁሉ በጤነኛ ሰው ላይም እንደሚሠራ አሳዩ። የሰውየው እጅ ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ ከፊቱ የላስቲክ እጅ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በትንሽ ብሩሽ ይዳሰሳሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰውየው የሚዳሰሰው በላስቲኩ እጅ ላይ መስሎ ይሰማዋል። በዚያው ዓመት በሄልሲንኪ ዩስማኪና ሃሪ፣ ሰው መዳፎቹን ሲያፋትግ የሚሰማውን ድምፅ ቀጭኑን ክፍል አጉልተው በጆሮው ሲመልሱለት ቆዳው እንደ ብራና የደረቀ መስሎ እንደሚሰማው አስታወቁ። የአካል ስሜት ምስክሮች ቁጥር ውስጥ ጆሮም ገባ።

ከዚህ በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄደ። በ2007 ሁለት የምርምር ቡድኖች በካሜራና በዓይን ላይ በሚደረግ ማሳያ አማካይነት ሰው ራሱን ከአካሉ ውጭ እንዳለ አድርጎ እንዲሰማው የሚያደርጉ ሙከራዎችን በአንድ ሳምንት ውስጥ አሳተሙ። በ2011 በስዊድን የተደረገ ሙከራ ሰዎች የትንሽ አሻንጉሊት አካል የራሳቸው መስሎ ሲሰማቸው በዙሪያቸው ያለው ዕቃ ግዙፍ ሆኖ እንደሚታያቸው አሳየ። በ2015 አና ታኻዱራ-ሂሜኔዝና ባልደረቦቿ ድምፅ የሚቀዳ ጫማ ሠርተው፣ የተራማጁ ኮቴ ድምፅ ቀጭን ተደርጎ ሲመለስለት አካሉ የቀለለና የቀጠነ መስሎ እንደሚሰማውና አረማመዱም እንደሚለወጥ አረጋገጡ። ዛሬ የሚሠሩት መሣሪያዎች ድምፅን፣ ንዝረትንና ምስልን አጣምረው፣ አካላቸውን እንደ ሸክም የሚቈጥሩ ወይም ከሕመም የተነሣ መንቀሳቀስ የሚፈሩ ሰዎችን ለመርዳት ያለሙ ናቸው።

ማስረጃው ምን ያህል ነው?

የሚያስደንቅ ሙከራ ሁሉ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ባለሙያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ሕመምተኛ ተሽሎታል ወይ የሚል ነው።

በ2007 በአሜሪካ ዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሕክምና ማዕከል የተደረገ ጥናት እግራቸው ወይም የእግር እጃቸው የተቆረጠ 22 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈለ። አንዱ ክፍል መስተዋት፣ ሌላው የተሸፈነ መስተዋት፣ ሦስተኛው ዓይን ጨፍኖ በሐሳብ ማንቀሳቀስ ተሰጠው። ልምምዱ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ ለአራት ሳምንታት ነበር። ጥናቱን ከጨረሱት 18 ሰዎች መካከል በመስተዋት የታከሙት 6ቱም ሕመማቸው ቀነሰ። በተሸፈነ መስተዋት ከታከሙት 6 ሰዎች የቀነሰለት አንድ ብቻ ሲሆን በሦስቱ ባሰ፤ በሐሳብ ከተለማመዱት 6 ሰዎች ደግሞ በሁለቱ ቀንሶ በአራቱ ባሰ። ከመስተዋት ክፍሉ ሁለት ሰዎች የጠፋውን እግር በመስተዋት ሲያዩ ለአጭር ጊዜ ኀዘን እንደ ተሰማቸውም ተመዝግቧል። ይህ የሚያስተምረው መስተዋቱን ከማስቀመጥ በፊት ከሕመምተኛው ጋር መነጋገር እንደሚያስፈልግ ነው።

መስተዋት ለስትሮክም ተሞክሯል። በ1999 በ9 ሕመምተኞች ላይ የጀመረው ሥራ በ2018 በኮክሬን ግምገማ 62 ጥናቶችንና 1,982 ሰዎችን አካትቶ፣ የእጅና የእግር እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል መካከለኛ ጥራት ያለው ማስረጃ አቅርቧል። ለፋንተም ሊምብ ሕመም ግን ማስረጃው እንዲህ ጠንካራ አይደለም። በ2016 የታተመ ግምገማ ጥናቶቹ ጥቂትና ትንንሽ በመሆናቸው መስተዋትን እንደ ቀዳሚ ሕክምና ለመምከር እንደማይበቁ ደምድሟል። በኮምፒዩተር ምስል የሌለውን እጅ ማንቀሳቀስ ለሌላ ሕክምና እምቢ ባሉ 14 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ2016 የታተመው ውጤት ከ12 ልምምዶች በኋላ ሕመም በቁጥር መለኪያ በ32 ከመቶ መቀነሱን ቢያሳይም፣ ማነጻጸሪያ ክፍል አልነበረውም።

መሣሪያው ለምን እንደሚሠራም አከራካሪ ነው። በ1995 የታተመ ጥናት ሕመሙን ከአንጎል የስሜት ካርታ መለዋወጥ ጋር አያይዞት ነበር። በ2013 የወጣ ጥናት ግን የጠፋው እጅ ካርታ በአንጎል ውስጥ ተጠብቆ እንደሚኖር አሳየ፤ በ2025 የታተመና ሦስት ሰዎችን ክንዳቸው ከመቆረጡ በፊትና በኋላ የተከታተለ ጥናትም ይህንኑ አጠናከረ።

ከዚህ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳት የማድረስ ዐቅሙ ነው። በ2008 የታተመ ጥናት ሥር የሰደደ የእጅ ሕመም ያለባቸው 10 ሰዎች እጃቸውን አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር እያዩ ሲያንቀሳቅሱት ሕመሙና እብጠቱ እንደ ጨመረ፣ አሳንሶ በሚያሳይ ሲያዩት ግን እንደ ቀነሰ ገልጿል። የዓይን ምስክርነት እብጠትን የሚነካ ከሆነ በዘፈቀደ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ለእኛ ሥራ

ከዋልተር ሪድ ማዕከል ርቆ፣ ብዙ ባለሙያና መሣሪያ በሌለበት ቦታ ይህ ሥራ ይቻላል ወይ? በ2018 የታተመ ጥናት በካምቦዲያ ገጠር በፈንጂ እግራቸውን ላጡ 45 ሰዎች መስተዋትን፣ ጉቶን መዳሰስን፣ ወይም ሁለቱን በአንድነት ሰጥቷል። ልምምዱ ጠዋትና ማታ ለአምስት አምስት ደቂቃ ለአራት ሳምንታት የተደረገ ሲሆን በሦስቱም ክፍሎች ሕመም በጉልህ ቀንሷል።

በአገራችን አካል የሚቆረጠው በመኪና አደጋ፣ በጦርነት፣ በስኳር በሽታና ወጌሻ አጥብቆ ባሰረው ስብራት ምክንያት በሚመጣ ጋንግሪን ነው። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ወጣቶችና በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። ለእነርሱ ልናደርገው የምንችለው የመጀመሪያው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተቆረጠው አካል አሁንም ያለ መስሎ ሊሰማቸው እንደሚችል፣ ይህም እብደት ወይም የመንፈስ ጣጣ እንዳልሆነ እንንገራቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመሙ በጉቶው ላይ ነው ወይስ በሌለው አካል ላይ ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ለይተን እንጻፍ። የጉቶ ሕመም ከሆነ ኢንፌክሽንን፣ ኒውሮማንና የማይገጥም ሰው ሠራሽ እግርን እንፈልግ።

ሕመሙ በሌለው አካል ላይ ከሆነና ሌላው አካል ደኅነኛ ከሆነ፣ ከመድኃኒት ጎን ለጎን መስተዋቱ ሊሞከር ይችላል። መስተዋቱ ሙሉውን እጅ ወይም እግር የሚያሳይ፣ ምስሉን የማያዛባና ጠርዙ የማይቆርጥ ይሁን። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ ጉቶው ከመስተዋቱ ኋላ ይሸፈን። እንቅስቃሴው ዝግ ያለና ቀላል ሆኖ በቀን 15 ደቂቃ ያህል ይደረግ። ሕመሙ ከባሰ ይቁም። ሁለት እጁን ወይም ሁለት እግሩን ላጣ ሰው ግን ይህ መንገድ አያገለግልም።

ከሚቸል ጀምሮ እስከ ዛሬው ድምፅ የሚቀዳ ጫማ ድረስ ያለው ጊዜ ከ150 ዓመት ይበልጣል። በዚህ ዘመን ሁሉ መሣሪያዎቹ ተለዋውጠዋል፤ መግለጫዎቹም ፈርሰው እንደገና ተሠርተዋል። የሕመምተኞቹ ቃል ግን ፓሬ ከጻፈው አልተለወጠም። አዲሱ መሣሪያ እስኪደርሰን ድረስ በእጃችን ያለው መሣሪያ ጥያቄያችን ነው፤ «የት ነው የሚያምህ?» ብለን ጠይቀን፣ መልሱ ባዶውን ቦታ ሲያመለክትም ማመን።